አሥር ዶላሩ ላይ ያለው ሰውዬ እንዴት እዚያ ደረሰ? የአሌክሳንደር ሃሚልተን አነሳስ

አሥር ዶላሩ ላይ ያለው ፊት የፕሬዚዳንት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ፕሬዚዳንት ይመስለዋል። ሰውዬው አሌክሳንደር ሃሚልተን ይባላል፤ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ነው። የተወለደው አሜሪካ ውስጥ አይደለም። እናትና አባቱ በሕግ አልተጋቡም። ገና በልጅነቱ አባቱ ጥሎት ሄደ፣ እናቱ ሞተችበት፣ አሳዳጊ የተባለው ዘመዱ ራሱን አጠፋ፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ውርሱን ለሌላ ሰጠበት። ይህ ሁሉ የወረደበት በአራት አምስት ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1789፣ የአንድ አዲስ አገር ካዝና ቁልፍ እጁ ገባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚባለው፦ ልጁ ሊቅ ነበር፣ አውሎ ነፋስ መታ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ሰው አዋጥቶ አሜሪካ ላከው። ውሸት የለበትም። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለፉት አራት ዓመታት፣ ልጁ በአንድ አስመጪና ላኪ ቢሮ ውስጥ ደብተር እየሞላ የኖረባቸው፣ በሩጫ ይታለፋሉ። እኔ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ደብዳቤው መርከብ ላይ አሳፈረው። ይዞት የተሳፈረውን ነገር ግን ያገኘው ከቢሮው ነው። ስለዚህ እዚያው ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

እናቱ

ኔቪስ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ያኔ የእንግሊዝ ነበረች። ሃሚልተን እዚያ ነው የተወለደው፣ ጥር 11። ዓመቱ ላይ ግን ሁለት ማስረጃ አለ። እሱ ራሱ በሚናገረው ሲሰላ 1757 ነው፤ እናቱ ስትሞት የውርስ ፍርድ ቤቱ የመዘገበው ዕድሜ ደግሞ ወደ 1755 ይወስደናል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዕድሜውን ስጠቅስ የፍርድ ቤቱን ይዤ ነው፤ በእሱ አቆጣጠር ከሄዳችሁ ሁለት ዓመት ቀንሱ።

እናቱ ሬቸል ፎሴት ትባላለች። በልጅነቷ ሴንት ክሮይ በምትባል የዴንማርክ ደሴት ላይ ዮሃን ላቪየን ለሚባል ሰው ተዳረች፤ ፒተር የሚባል ወንድ ልጅም ወለደችለት። ትዳሩ አልሆነም። ባልየው አመንዝራለች ብሎ ከሰሳትና ክርስቲያንስቴድ ከተማ ምሽግ ውስጥ አሳሰራት። ስትፈታ ወደ እሱ አልተመለሰችም፤ ደሴቲቱን ለቃ ሄደች። ከዚያ ጄምስ ሃሚልተን ከሚባል ስኮትላንዳዊ ጋር መኖር ጀመረች። ሰውዬው ከደህና ቤተሰብ የወጣ፣ ግን ከታላላቆቹ በታች የተወለደ በመሆኑ ርስት ያልደረሰው፣ ንግድም ያልሆነለት ሰው ነው። ሁለት ወንዶች ወለዱ፣ ጄምስና አሌክሳንደር።

በ1759 ላቪየን ፍቺውን በፍርድ ቤት ጨረሰ። ውሳኔው አንጀት የሚያሳርር ነው። እሱ እንደገና ማግባት ይችላል፤ እሷ ግን አትችልም። ስለዚህ ሬቸልና ጄምስ ቢፈልጉም በሕግ የሚጋቡበት መንገድ አልነበረም፤ ልጆቹም በሕግ ፊት ዲቃላ ሆነው ቀሩ። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በ1765 አባትየው ለሥራ ወደ ሴንት ክሮይ ሲሄድ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ሬቸል የታሰረችባት ደሴት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጥሏቸው ሄደ፤ አሌክሳንደር ከዚያ በኋላ አባቱን በዓይኑ አላየውም። ሬቸል ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ክርስቲያንስቴድ ውስጥ ሱቅ ከፈተች፤ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ፣ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዓሣ ትሸጣለች። ዕቃውን በዱቤ ከሚያቀብሏት ነጋዴዎች መካከል ቢክማንና ክሩገር የሚባለው ድርጅት ይገኝበታል። ልጇ በኋላ የሚቀጠረው እዚሁ ድርጅት ውስጥ ነው። ሂሳብና ዱቤ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያየው ከእናቱ ባንኮኒ ጀርባ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የካቲት 1768 ላይ እናትና ልጅ አንድ ላይ በትኩሳት ወደቁ። ቢጫ ወባ ነበር ይባላል። ሬቸል የካቲት 19 ማታ ሞተች። ልጁ ተረፈ። ገና አስከሬኗ ሳይወጣ የፍርድ ቤት ሰዎች መጥተው ንብረቷን አሸጉ። ልጆቹ ለቀብር የሚጫሙት አልነበራቸውም፤ የጫማ መግዣ የሰጠው የከተማው ዳኛ ነው።

ከንብረቷ ዝርዝር ውስጥ 34 መጻሕፍት አሉ። በባርነት የተያዙ ሰዎችም አሉ። አጃክስ የሚባል ልጅ ለአሌክሳንደር አገልጋይ ተብሎ የተሰጠ ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት ግድ ይላል። ድሃ ነበረ የምንለው ልጅ እንኳ በባርነት ላይ በተሠራ ኑሮ ውስጥ ነው ያደገው።

ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ፣ ፒተር ላቪየን፣ ብቅ አለ። ከእናቱ ገና በልጅነቱ የተለየ፣ ሌላ አገር የሚኖር ሰው ነው። «በሕግ የተወለድኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ፍርድ ቤቱም በ1759 የፍቺ ውሳኔ ላይ ተመሥርቶ ውርሱን ጠቅልሎ ሰጠው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሜዳ ላይ ቀሩ። መጻሕፍቱ በሐራጅ ተሸጡ፤ ለልጁ የሚያስብ ሰው ገዝቶ መለሰለት። አሳዳጊ ሆኖ የተሾመው የአክስታቸው ልጅ ፒተር ሊተን ሐምሌ 1769 ራሱን አጠፋ፤ ኑዛዜው ውስጥ ለልጆቹ ምንም አልተወም። አጎትየውም ወር ሳይሞላ ተከተለ፤ እሱም ምንም አልተወም። ታላቅየው ጄምስ አናጢ ዘንድ ሙያ ተማሪ ሆኖ ገባ። አሌክሳንደርን ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ነጋዴ ቤቱ አስጠጋው።

እዚህ ላይ የወንድማማቾቹ መንገድ ተለያየ። አንዱ መጋዝ ያዘ፣ ሌላው ብዕር። የአንድ እናት ልጆች፣ የአንድ ዓመት መከራ። ጄምስ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ኖሮ በ1786 ገደማ ሞተ። በ1785 ለወንድሙ ገንዘብ ቸግሮኛል ብሎ ጽፎለት ነበር፤ አሌክሳንደርም እረዳሃለሁ ብሎ መለሰለት፣ በዚያው ደብዳቤ ላይ «ውድ አባታችን ምን ሆነ? ወሬውን ከሰማሁ ዘመን የለውም» እያለ ይጠይቀዋል። ሃሚልተን ያኔ ኒው ዮርክ ውስጥ ስም ያለው ጠበቃ ነው። አባቱን ግን አልረሳም፤ በኋላም ገንዘብ ልኮለታል። ጥሎት ለሄደ አባት!

ክሩገር ቢሮ

ሴንት ክሮይ የስኳር ደሴት ናት። ከነዋሪዋ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነበር። መሬቱ ሁሉ ለሸንኮራ ስለዋለ ምግቡ፣ እንጨቱ፣ በቅሎው፣ ዱቄቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። የዴንማርክ ደሴት ናት፤ ነዋሪው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ያወራል፤ የሚገበያዩበት ገንዘብ ደግሞ የስፔን፣ የፖርቱጋል፣ የዴንማርክ፣ የእንግሊዝ ነው። አንድ ጸሐፊ ምንዛሪውን በቃሉ ካላወቀ ጠዋት ሥራ ገብቶ ማታ ድርጅቱን ያከስራል።

ሃሚልተን እዚህ ነው ያደገው። መርከብ ሲገባ ጭነት ይቆጥራል፣ ይመዝናል፣ ደረሰኝ ይጽፋል፣ ዋጋ ያወጣል፣ ዕዳ ይሰበስባል፣ ደብዳቤ ይገለብጣል። ሥራውን ግን አልወደደውም። ኅዳር 1769 ለጓደኛው ለኤድዋርድ ስቲቨንስ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ጸሐፊ ሆኖ መቅረትን እንደሚጠላ፣ ማዕረጉን ከፍ ለማድረግ ሕይወቱን ቢያስይዝ ደስ እንደሚለው፣ ክብሩን ግን እንደማያስይዝ ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ «ምነው ጦርነት በተነሳ!» ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። የሚያስደነግጥ ምኞት ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያለ ርስት፣ ያለ አባት ስም ለቀረ ልጅ በዚያ ዘመን ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል ጦር ሜዳ ብቻ ነበር።

በጥቅምት 1771 አሠሪው ኒኮላስ ክሩገር ታመመና ለሕክምና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ቢሮውን ለሃሚልተን ተወለት። አምስት ወር ያህል። እዚህ ጋ ደብዳቤዎቹን ማንበብ በጣም ደስ ይላል፣ ምክንያቱም አፍ የፈታ ነጋዴ ነው የምታገኙት።

አንድ ምሳሌ። ከፊላደልፊያ ዱቄት መጣ። ሃሚልተን ለአለቃው ሲጽፍ ዱቄቱ በእውነት መጥፎ እንደሆነ፣ መልኩ ጠቆር ያለና አልታዘዝ ባይ መሆኑን፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹም በምንም ዘዴ ኩፍ አላልላቸው እንዳለ እያማረሩ መሆኑን ይነግረዋል። ስለዚህ ዋጋውን ቀንሶ ቶሎ መሸጥ ይሻላል ብሎ አሰበ፣ አለቃውን ሳይጠብቅ። ልብ በሉ፣ ለደብዳቤ መልስ ወራት በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ካልወሰነ ዱቄቱ ይበላሻል። ከተሳሳተ ደግሞ ኪሳራው በሱ ስም ይጻፋል።

ሌላ ምሳሌ። ተንደርቦልት የምትባል አነስ ያለች መርከብ ነበረቻቸው። ሥራዋ ስፔን ከምትገዛው የደቡብ አሜሪካ ጠረፍ በቅሎ አምጥቶ ሴንት ክሮይ ላይ ለሸንኮራ እርሻ መሸጥ ነው። ልጁ ለካፒቴን ኒውተን ጥብቅ መመሪያ ጻፈ፦ በዚህ ወቅት ሦስት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት፣ ካልፈጠነ ሥራው እንደሚበላሽ። ኩራሳው ደሴት ላለው ለክሩገር ወንድም ደግሞ ባሕሩ በስፔን ጠረፍ ጠባቂዎች ስለተሞላ መርከቧ መሣሪያ ብትታጠቅ እንደሚሻል አሳሰበ። የካቲት 1772 ላይ በቅሎዎቹ ደረሱ። 48 ተጭነው 7 መንገድ ላይ ሞተዋል። የቀሩት 41 አጥንታቸው የወጣ ነበሩ፤ ሃሚልተን ራሱ «አፅሞች» ነው ያላቸው። ከነሱም የተወሰኑትን ለግጦሽ ልኮ እንዲያገግሙ አደረገ። ከዚያ ለካፒቴኑ ሌላ ደብዳቤ፦ ያለፈውን ክፉ ጉዞ ሁልጊዜ እያሰብክ ኪሳራውን ለማካካስ ጣር። ካፒቴኑ አባቱ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው።

መጋቢት ላይ ክሩገር ዳነና ተመለሰ። ቢሮው ቆሞ አገኘው።

እነዚህን አምስት ወራት አስቡና ሃያ ዓመት ወደፊት ዝለሉ። የተበላሸ ገንዘብ፣ የተለያየ ምንዛሪ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ኮንትሮባንድ፣ ጉምሩክ፣ የማይታመን ካፒቴን። የገንዘብ ሚኒስትሩ በኋላ የገጠመው ይኸው ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው ያደገው። አብዛኞቹ የአሜሪካ መሥራቾች ርስት ያላቸው ገበሬዎች ወይም ጠበቆች ነበሩ። ዕዳን የሚያውቁት ተበዳሪ ሆነው ነው። በኋላ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጀፈርሰን ዕድሜውን ሙሉ ዕዳ ውስጥ ኖሮ ዕዳ ውስጥ ሞተ። ሃሚልተን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከባንኮኒው ማዶ ነበር።

ግን የዚያ ቢሮ ንግድ በቅሎና ዱቄት ብቻ አልነበረም። ጥር 1771 ላይ የወጣ የጋዜጣ ማስታወቂያ አለ። ከአፍሪካ ጠረፍ የመጡ 300 ሰዎች በክሩገር ግቢ እንደሚሸጡ ይናገራል። ሃሚልተን የሚሠራበት ግቢ ማለት ነው። ደብተር የሚሞላው እሱ ነው። ከነዚያ 300 ሰዎች ውስጥ እንደሱ ቁጥር የሚገባው፣ እንደሱ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ልጅ ስንት ነበር? ማንም ብዕር አልሰጠውም። በ1779 ሃሚልተን ጥቁሮች ታጥቀው ለነፃነታቸው ይዋጉ የሚለውን የጓደኛውን የጆን ሎረንስን ሐሳብ ደግፎ ሲጽፍ፣ የተፈጥሮ ችሎታቸው ከኛ የሚያንስ አይመስለኝም አለ። በ1785 ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነትን ለማስቀረት ከተቋቋመው ማኅበር አባላት አንዱ ሆነ። በሌላ በኩል ባሪያ ካላቸው ቤተሰብ ነው ያገባው፤ የሂሳብ ደብተሩም ላይ ለአማቶቹ በባሪያ ንግድ ጉዳይ የከፈለው ገንዘብ ተጽፏል። አንዱን አንስቶ ሌላውን መደበቅ ለሰውዬውም፣ ለነዚያ ሰዎችም ፍትሕ አይሆንም።

አውሎ ነፋሱና ጋዜጣው

ነሐሴ 31 ቀን 1772 ማታ ሴንት ክሮይን ከባድ አውሎ ነፋስ መታት። ሃሚልተን ከሳምንት በኋላ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። የባሕሩንና የነፋሱን ግሣት፣ ሰማይ ላይ የሚበረውን እሳት፣ ቤቶቹ ሲንኮታኮቱ የሚሰማውን ድምፅ ይዘረዝራል። ከዚያ ወደ ራሱ ዞሮ «አንተ ምስኪን ትል፣ ያ ሁሉ ጉራህ አሁን የት ገባ?» በሚል ቃና ይሰብካል፤ በመጨረሻም ሀብታሞቹን የተራበውን እዩ፣ ካላችሁ ላይ ስጡ ይላቸዋል። አጻጻፉ ለዛሬ ጆሮ ከበድ ይላል። ያኔ ግን የአንድ ቢሮ ጸሐፊ ልጅ እንዲህ ሲጽፍ ማየት ተአምር ነበር።

ቄስ ሂው ኖክስ የሚባሉ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ በዚያው ዓመት ነበር ወደ ከተማዋ የመጡት። ፕሪንስተን የተማሩ ናቸው፤ ለልጁ መጻሕፍታቸውን ከፍተውለት ነበር። ደብዳቤውን አንብበው ጥቅምት 3 ቀን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አደረጉ፣ «የዚህች ደሴት አንድ ወጣት ለአባቱ የጻፈው» ተብሎ። ስሙ አልተጻፈም። ግን በትንሽ ደሴት ማን ይደበቃል? ነጋዴዎቹ አወቁት፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ለትምህርት ላኩት። ከላኩት ሰዎች መካከል አሠሪው ክሩገር አለበት።

ሰዎቹ ለምን አመኑት? አንድ ደብዳቤ ስላነበቡ ብቻ አይመስለኝም። ከሱ ጋር አራት ዓመት ሂሳብ ሲተሳሰቡ ኖረዋል። ገንዘባቸው በእጁ ሲያልፍ አይተዋል። ነጋዴ በሚያምር ጽሑፍ ብቻ ኪሱን አይከፍትም፤ ታማኝነቱን ባያውቁ ኖሮ ደብዳቤውን አድንቀው ዝም ይሉ ነበር።

ኒው ዮርክ

መጀመሪያ ኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤዝታውን ውስጥ ዝግጅት ትምህርት ገባ። ላቲንና ግሪክ ካላወቀ ኮሌጅ አይገባም፤ ጥርሱን ነክሶ በወራት ውስጥ ጨረሰው። ከቄስ ኖክስ ይዞት በመጣው ደብዳቤ አማካይነት ከዊሊያም ሊቪንግስተንና ከኤሊያስ ቡዲኖ ቤተሰቦች ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም በኋላ ትልልቅ ፖለቲከኞች ሆኑ። ከዚያ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፣ ዛሬ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው። ኒው ዮርክ ሲደርስ ያስጠጋው ሄርኩሊስ ሙሊጋን የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ለዋሽንግተን ሰላይ የሆነው ሰው።

አሜሪካ ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ለማመፅ እየፈላች ነበር። በ1774 መጨረሻ ሳሙኤል ሲበሪ የሚባሉ ቄስ በገበሬ ስም ተደብቀው የንጉሡን ወገን ደግፈው ጻፉ። ሃሚልተን ታኅሣሥ ላይ መልስ አሳተመ፤ ሲመልሱለት የካቲት 1775 ላይ ረዘም ያለ ሁለተኛ መልስ አወጣ፣ ሰማንያ ገጽ ገደማ። በስሙ አይደለም። ሰው ጸሐፊውን ሲገምት የታወቁ ጠበቆችን ነበር የሚጠራው። የሃያ ዓመት ተማሪ መሆኑ ሲታወቅ አገር ጉድ አለ። ይዘቱን ስታነቡት ደግሞ ግማሹ ስለ ነፃነት ሲሆን ግማሹ ስለ ንግድ ነው፤ እንግሊዝ ከቅኝ ግዛቶቿና ከካሪቢያን ደሴቶች ምን ያህል ትጠቀማለች፣ ንግዱ ቢቆም ማን ይጎዳል። የካሪቢያኑን ጉዳይ መጽሐፍ ገልጦ አይደለም የጻፈው፣ ሠርቶበታል።

ግንቦት 10 ቀን 1775 ማታ የተቆጣ ሕዝብ የኮሌጁን ፕሬዚዳንት ማይልስ ኩፐርን ሊደበድብ መጣ። ሰውዬው የንጉሡ ደጋፊ ናቸው። ሃሚልተን በፖለቲካ ከሕዝቡ ጋር ነው። ቢሆንም ደጃፉ ላይ ቆሞ ንግግር እያደረገ አዘገያቸው፤ ፕሬዚዳንቱ በጓሮ አመለጡ። ይህ ባሕሪው እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። አብዮት ይፈልጋል፣ ሁከት ግን ያስፈራዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ በጅራፍ የሚገዛበት፣ ዓመፅ ይነሳል እየተባለ ሌት ተቀን የሚሰጋበት ደሴት ላይ ያደገ ሰው ሥርዓት አልበኝነትን ቢፈራ አይገርመኝም።

መጋቢት 1776 ላይ የኒው ዮርክ መድፈኛ ሻምበል ሆነ። የተመኘው ጦርነት መጣ። መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ግን መተኮስ አልነበረም፤ ለወታደሮቹ ከሌላው መድፈኛ እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው ብሎ ለክፍለ አገሩ ምክር ቤት አመለከተ። ቶማስ ቶምሰን የሚባል የበታች ሹም በችሎታው መኮንን ይሁንልኝ ብሎም አስሾመው። ለተራ ወታደር እንዲህ ዓይነት ዕድገት ያኔ የተለመደ አልነበረም።

የጦሩ የደመወዝ ደብተር እስካሁን አለ፤ በጣም የምወደው ማስረጃ እሱ ነው። ከፊት የወታደሮቹ ስምና ክፍያ። ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ደግሞ ሻምበሉ ማስታወሻ ይዟል፤ የአውሮፓ አገሮች የሕዝብ ብዛት፣ የምንዛሪ ተመን፣ ንግድ እንዴት እንደሚሄድ፣ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን እንዴት እንደሚተዳደሩ። ጦሩ እየተሸነፈ ወደ ኋላ በሚያፈገፍግበት ዓመት ማታ ማታ ተቀምጦ ስለ ምንዛሪ የሚያነብ መድፈኛ!

የዋሽንግተን ብዕር

ታኅሣሥ 1776 ትሬንተን ላይ፣ ጥር 1777 ፕሪንስተን ላይ ተዋጋ። መጋቢት 1 ቀን 1777 ጄኔራል ዋሽንግተን የቅርብ ረዳታቸው አድርገው ወሰዱት፣ በሌተና ኮሎኔል ማዕረግ። ከዚያ በፊት ሌሎች ጄኔራሎች ሲጠሩት እምቢ ብሏል። ለዋሽንግተን እምቢ ማለት ግን ከባድ ነው።

ለአራት ዓመት ያህል የጄኔራሉን ደብዳቤ ጻፈ፤ ለኮንግረስ፣ ለክፍለ አገር ገዥዎች፣ ለጄኔራሎች። የደብዳቤዎቹ ፍሬ ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ምግብ የለም፣ ጫማ የለም፣ ደመወዝ የለም። ኮንግረስ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ወረቀት እያተመ ያወጣ ነበር። መጋቢት 1780 ላይ አርባው የወረቀት ዶላር በአንድ የብር ዶላር እንዲመነዘር ራሱ ኮንግረስ ወሰነ። ሃሚልተን ዝም አላለም። በ1780 ለኮንግረስ አባሉ ለጄምስ ዱዌን፣ ሚያዝያ 1781 የኮንግረሱ የገንዘብ ኃላፊ ለሆነው ለሮበርት ሞሪስ ረጃጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ ብሔራዊ ባንክ ይቋቋም፣ ማዕከላዊ መንግሥቱ የራሱ ገቢ ይኑረው፣ የአገር ዕዳ ከልክ ካላለፈ ለአንድነታችን በረከት ይሆናል አለ። የጦር ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ነው ይህን የሚያስበው።

በመሐል ታኅሣሥ 1780 ኤልዛቤዝ ስካይለርን አገባ፤ አባቷ ጄኔራል፣ ባለ ሰፊ ርስት፣ ከኒው ዮርክ ታላላቅ ቤተሰቦች አንዱ። በዚያ ዘመን ይህ ጋብቻ ለልጁ ምን ያህል በር እንደከፈተለት መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን አማቱ የልጁን አወላለድ ሳያጣሩ የተቀበሉት የዋሽንግተን ሰው በመሆኑና አፉም ብዕሩም ስለማረካቸው ነው የሚመስለኝ።

የካቲት 16 ቀን 1781 ኒው ዊንድሰር በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ደረጃው ላይ ዋሽንግተን ለጉዳይ እፈልግሃለሁ አሉት። እሺ፣ መጣሁ ብሎ ወረደ፣ ወረቀት ለጓደኛው ሰጠ፣ ከፈረንሳዊው ጄኔራል ከላፋዬት ጋር ትንሽ አወራ። ሲመለስ ጄኔራሉ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል። «ኮሎኔል ሃሚልተን፣ አሥር ደቂቃ አስቆምከኝ። ይህ ንቀት ነው።» እሱም «ጌታዬ፣ እኔ ንቀት መሆኑ አልታወቀኝም፤ እርስዎ እንዲህ ካሉ ግን እንለያይ» አለ። በሱ አባባል የቆየው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሰዓት ሳይሞላ ዋሽንግተን ሰው ልከው ሊያስታርቁት ሞከሩ። አልታረቅም አለ። ነገሩ የአሥር ደቂቃ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ጦር ምራ ብለው ይልኩኛል ሲል ብዕር ላይ አስቀርተውት ነበር፤ ጸሐፊ ሆኖ መቅረትን ደግሞ ከልጅነቱ ነው የሚጠላው።

በመጨረሻ ጦር ተሰጠው። ጥቅምት 14 ቀን 1781 ዮርክታውን ላይ ምሽግ ቁጥር 10ን ሌሊት ባልጎረሰ ጠመንጃ፣ በሳንጃ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ ያህል በፈጀ ውጊያ ያዘ። የእንግሊዝ ጦር ከቀናት በኋላ እጁን ሰጠ።

ወደ ካዝናው

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ኒው ዮርክ ለጠበቃ ከምትጠይቀው የሦስት ዓመት ልምምድ ለተመላሽ ወታደሮች ስታነሳላቸው፣ እሱ ለራሱ ማስታወሻ እየጻፈ በወራት ውስጥ አጥንቶ በ1782 ጠበቃ ሆነ። በ1784 የኒው ዮርክ ባንክን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ፊላደልፊያ ነበር፤ ከዚያ ሕዝቡን ለማሳመን ከወጡት 85 ጽሑፎች 51ዱን ጻፈ። ኒው ዮርክ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችው 30 ለ27 በሆነ ድምፅ ነው፣ በሦስት ሰው ብልጫ።

መስከረም 11 ቀን 1789 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ካዝናው ባዶ ነው። በተሾመ በቀናት ውስጥ፣ እሑድ ሳይቀር መሥሪያ ቤቱ ገብቶ፣ ከኒው ዮርክ ባንክ 50,000 ዶላር ብድር አስጨረሰ። ጥር 1790 ላይ ዕዳውን ሁሉ ዘርዝሮ ለምክር ቤት አቀረበ፦ የፌዴራሉ 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ የክፍለ አገሮቹ 25 ሚሊዮን ገደማ። እንካድ የሚል ነበር፤ እሱ እንክፈል አለ። በዱቤ ከሚኖር ነጋዴ ዘንድ ያደገ ሰው፣ አንዴ ስምህ ከጠፋ ማንም እንደማያበድርህ ያውቃል።

የመንግሥቱ ገቢ አብዛኛው ከጉምሩክ ነበር። ጉምሩክ ደግሞ ወደብ ነው፣ ሚዛን ነው፣ ካፒቴን ነው። ለየወደቡ ኃላፊዎች ደብዳቤ እየጻፈ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ መርከቡ ስንት ቶን ነው፣ ኮንትሮባንድ የሚገባው በየት ነው እያለ ይጠይቃል። ነሐሴ 1790 ላይ ኮንትሮባንድ የሚከላከሉ አሥር መርከቦች እንዲሠሩ በሕግ ተፈቀደለት፤ የዛሬው የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጠባቂ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሰኔ 1791 ለመርከቦቹ አዛዦች በጻፈው መመሪያ የምትፈትሹት ሰው ነፃ ሰው ነው፣ የጌትነት ጠረን ያለበትን ነገር ሁሉ አይታገሥም፣ ስለዚህ ትዕቢትና ስድብ እንዳይኖር አላቸው። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የጠረፍ ጠባቂ ፈርቶ መርከቧ ትታጠቅ ብሎ የጻፈው ያው ልጅ ነው። ይህን ያስተማረው ኮሌጅ አይደለም።